የመንግሥት ቴምብር የተለጠፈበት ክኒን፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ቅመማቸው የማይነገር «ፓተንት መድኃኒቶች» ገበያውን ሞልተውት ነበር። ዋናው ተጠያቂ ሻጩ ነው ወይስ መንግሥት? (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሒሳብ ሹም፦ መንግሥት ነው እላለሁ። 56 ፍሬ የሚይዘው የቢቻም ክኒን በ1 ሽልንግ ከ1½ ፔኒ ይሸጥ ነበር። ያቺ 1½ ፔኒ የቴምብር ቀረጥ ናት። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1909 ባሳተመው ምርመራ ክኒኑ ውስጥ የተገኘው እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ነው፤ የ56ቱ ጥሬ ዕቃ ዋጋ ግማሽ ፋርዚንግ ገደማ፣ ማለትም የፔኒ አንድ ስምንተኛ። ቀረጡ ብቻውን የጥሬ ዕቃውን 12 እጥፍ ነው! ይህን የሚሰበስብ መንግሥት ንግዱን ለምን ይዘጋል?

ቀማሚ፦ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን አልተዋጠልኝም። በ1812ቱ ሕግ ቀረጥ የሚያስከፍለው የቅመሙ ምስጢር መሆን፣ የባለቤትነት ጥያቄ ወይም ለበሽታ ፍቱን ነው ብሎ ማስተዋወቅ ነበር። ፋርማሲስት የታወቀ ቅመም ሳይደብቅ ቢሸጥ ነፃ ይሆናል። ስለዚህ ምስጢሩን የመረጠው ሻጩ ራሱ ነው። አብዛኞቹ እውነተኛ ፓተንት (በሕግ የተመዘገበ የፈጠራ መብት) እንኳ አላወጡም፤ ለማውጣት ቅመሙን ጽፎ ማስገባት ያስፈልጋላ።

ሒሳብ ሹም፦ ወንድሜ ቀማሚ፣ ገዢው መች ሕግ ያነባል? የሚያየው ቴምብሩን ነው። ረዘም ያለ የታተመ ወረቀት በክዳኑ ላይ ተሻግሮ ይለጠፋል፤ ሣጥኑ ሲከፈት ይቀደዳል። ትልልቆቹ አምራቾች ከፍለው ስማቸውን እዚያው ቴምብር ላይ ያስቀርጹ ነበር። የአምራቹና የመንግሥት ስም አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲታይ ድሀው ምን ይበል? «የመንግሥት ዋስትና አይደለም» የሚል ቃል ታከለበት፣ እሱም ዘግይቶ።

አዋላጅ፦ ሁለታችሁም እሬት ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። እሬት ሆድ ያስቀምጣል፣ በቃ። የዚያ ዘመን ሐኪም የሚያዝዘው ካሎሜል እኮ ሜርኩሪ ነው፤ ድድ አቁስሎ ጥርስ ያነቃንቃል። የሚያስፈራው ለሕፃን ማስተኛ የሚሰጠው ጎድፍሬይ ኮርዲያል ነበር፦ ኦፒየም (የሚያደነዝዝ ዕፅ)፣ ሞላሰስ፣ ውኃና ማጣፈጫ ቅመም። እያንዳንዱ መድኃኒት ቤት በራሱ መጠን ስለሚቀምመው እናት ሱቅ ስትቀይር ማንኪያው ያው ሆኖ ኦፒየሙ ይለያያል። ጠርሙሱ ሳይነቀነቅ ከቆየ ደግሞ ኦፒየሙ ይዘቅጣል፤ የመጀመሪያው ማንኪያ ደካማ፣ የመጨረሻው ከባድ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ያልሞተውም ሲያንቀላፋ ይውልና ጡት አይጠይቅም፤ እየከሳ ይሞታል።

ቀማሚ፦ እዚህ ላይ መንግሥትን እወቅሳለሁ። የ1868ቱ የፋርማሲ ሕግ ኦፒየምን የተመዘገበ ፋርማሲስት ብቻ «መርዝ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ይሽጥ አለ፤ ፓተንት መድኃኒትን ግን ከሕጉ አወጣ። በዚህ ቀዳዳ ሞርፊን፣ ክሎሮፎርምና ካናቢስ ያለበት የኮሊስ ብራውን ክሎሮዳይን የተባለ ፈሳሽ ፓተንት መድኃኒት እንደ ልብ ሲሸጥ ኖረ። ቀዳዳው የጠበበው በ1892 አምራቹ ተከስሶ ሲፈረድበት ነው።

ጠበቃ፦ ፍርድ ቤቱን ለምን ረሳችሁት? የካርቦሊክ ስሞክ ቦል ኩባንያ የሚሸጠው በካርቦሊክ አሲድ ዱቄት የተሞላ የጎማ ኳስ ነበር፤ ቱቦውን አፍንጫ ላይ አድርገው ሲጨምቁት ጢሱ ይገባል። ዋጋው 10 ሽልንግ። በመመሪያው መሠረት በቀን 3 ጊዜ ለ2 ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው 100 ፓውንድ እንከፍላለን፣ ለዚህም 1,000 ፓውንድ ባንክ አስገብተናል ብሎ አስነገረ። ወይዘሮ ካርሊል ኳሱን እንደታዘዘው ስትጠቀም ቆይታ በጥር 1892 ታመመች። ኩባንያው «የማስታወቂያ ግነት ነው» ቢልም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክፈል አለው። ባንክ የገባው ገንዘብ የቁም ነገር ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረበት።

ሒሳብ ሹም፦ ያ ፍርድ ቁርጥ ያለ ቃል በገባ ማስታወቂያ ላይ ይሠራል። «ደም ያጠራል፣ ጉበት ያነቃል» ያለውን በምን ትከሰዋለህ? ኳሱ ይሥራ አይሥራም ፍርድ ቤቱ አልመረመረም።

ጠበቃ፦ እሱስ እውነት ነው። ቀጣዩ ሻጭ የተማረውም ቁጥር አለመጥራትን ነው።

አራሚ፦ ጋዜጣውንስ? የፓተንት መድኃኒት ሻጩ ሆሎዌይ ክኒንና ቅባቱን ለማስተዋወቅ በ1842 ያወጣው 5,000 ፓውንድ ነበር፤ በ1883 ሲሞት ዓመታዊ ወጪው 50,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ያንን ገንዘብ የሚቀበል አዘጋጅ ክኒኑን አያስመረምርም።

ቀማሚ፦ ጋዜጣ ሕግ አያወጣም። የፓርላማ ኮሚቴ ከ1912 ጀምሮ መርምሮ ሪፖርቱን ያወጣው ነሐሴ 4 ቀን 1914፣ እንግሊዝ ጦርነት በገባችበት ዕለት ነው። ማን ያንብበው?

ሒሳብ ሹም፦ እንግዲህ ቀኖቹን አስተያዩ። ቅመሙ በማሸጊያው ላይ ይጻፍ የተባለው በ1941 ነው። የቴምብር ቀረጡ የተነሣውም በ1941፣ በዚያው ሕግ።