«የጨዋ ልጅ» ማለቱን እንቀጥል ወይስ ይቅርብን?

ጠያቂዋ፦ ባለፈው እሁድ የአክስቴን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። «የኛም የጨዋ ልጅ ነው፣ የናንተም የጨዋ ልጅ ናት» አሉ። ሁሉም ደስ አለው። እኔን ግን ከነከነኝ። ጨዋ ያልሆነው የማን ልጅ ነው? የድሮ ሰዎች ሲሉት እኮ ባሪያ ያልሆነ፣ ቀጥቃጭ ያልሆነ፣ ሸክላ ሠሪ ያልሆነ ማለታቸው ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል። አባባሉ ግን አሁንም ዘር ይቆጥራል። ይቅርብን እላለሁ።

የታክሲ ተሳፋሪው፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ታክሲ ውስጥ ለአሮጊት ቦታ የለቀቀ ልጅ «ጨዋ ነህ፣ ተባረክ» ሲባል ዘሩን ማን ይጠይቀዋል? ቃል ይለወጣል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ ማለት ንጉሡ በየአውራጃው የሚያሰፍረው ወታደር ነበር። ከግዕዙ «ፄዋ»፣ ማለትም ከምርኮ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ከምርኮኛ ተነስቶ መልካም ጸባይ ላይ የደረሰን ቃል ለምን እንጥለዋለን?

የቀድሞው የቆሎ ተማሪ፦ ልጆቼ፣ ቤተ ክህነት ውስጥ ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ ነው። እኛ «ጨዋ» ስንባል አንገታችንን እንደፋ ነበር። ቤት ስንገባ ግን እናታችን በዚያው ቃል ትመርቀናለች።

የቢሮ ሠራተኛዋ፦ እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። አለቃዬ ያለፈቃዴ እጄን ሲይዘኝ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ባልደረቦቼ «አንቺ እኮ ጨዋ ነበርሽ» አሉኝ። ነበርሽ! ወንድሜ ጨዋ ሲባል ሰው አክባሪ ማለት ነው። እኔ ስባል ግን አፍ የሌላት ማለት ነው። ዘሩን ብንተወው እንኳ ይሄ አልጠራም።

ጠያቂዋ፦ አይዞሽ እህቴ። ደግ አደረግሽ፣ ጨዋነት ያነሰው እሱን ነው። ወንድሜ፣ በታክሲው ተረታሁ። «ጨዋ ነህ» ይኑር። «የጨዋ ልጅ» ግን ልጁ ያደረገውን ለአባቱ ዘር ያስቆጥርበታል።

የታክሲ ተሳፋሪው፦ ሽማግሌዎቹ ዘር ፍለጋ ከሆነ ያሉት ካንቺ ጋር ነኝ። እኔን ግን እናቴ እንጀራ ሸጣ፣ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። ሰው «የጨዋ ልጅ» ሲለኝ የምትመሰገነው እሷ ናት። ይሄን ከእሷ መውሰድ ከበደኝ።