የሥዕል መምህራን፣ ኦንላይን ሥልጠናዬ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የሥዕል መምህር ነኝ። ሙያዬን ላሻሽል ብዬ ኦንላይን ኮርስ ጀመርኩ። ሥልጠናው ራሱ ደስ ይላል። በተለይ ተማሪዎችን ስለ ሥዕል ማወያየትን የሚያሳየው ክፍል። አቢጌይል ሃውሰንና ፊሊፕ የናዋይን ያዳበሩት ዘዴ ነው፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ አለው። ሥዕሉ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እንዲህ ያላችሁት ምን አይታችሁ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። ትንፍሽ የማይሉት ልጆች ሁሉ ማውራት ጀመሩ።

ችግሩ የመጣው የውሃ ቀለሙ ላይ ነው። ሥራችንን በስልክ አንስተን እንልካለን፤ የሚያርሙን አብረውን የሚማሩት ናቸው። የቀባሁት ሞቅ ያለ ቢጫ ፎቶው ላይ አረንጓዴ ይመስላል። ነጩ ወረቀት ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ! ሥዕሉ በቢጫ ስለተሞላ ካሜራው በራሱ ሊያመጣጥን ወደ ሰማያዊ እንደሚገፋው ገብቶኛል። መስኮት አጠገብ አነሳሁ፣ አምፖሉን አጠፋሁ፣ ያው ነው። ሁለቴ «ቀለሙ ቀዝቃዛ ነው» ተብዬ ወደቅኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አንደኛው አራሚ ሥራዬን የከፈተውም አይመስለኝም።

አሁን የቀረኝ አንድ ሙከራ ነው። የካሜራውን የነጭ ማስተካከያ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያመጣጥነውን) በእጅ መቆለፍ ይሻላል? ወይስ ከሥዕሉ ጎን ለቀለም ማመሳከሪያ የሚሆን ግራጫ ካርድ አስቀምጦ ፎቶውን ኋላ ማረም? ካረምኩስ መግለጫው ላይ ልጻፈው?

ሌላም አለ። የመጨረሻው ሥራ ሳስተምር የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ የልጆቹን ፊት ግን ማሳየት አልፈልግም። እጃቸውንና ወረቀቱን ብቻ ከላይ የቀረጻችሁ ካላችሁ፣ ስልኩን በምን አቆማችሁት?