ላይት በቢልድ ኤጀንት ስር ሲሄድ ይቆማል፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የዊንዶውስ መጫኛችንን ከፕሮግራመሮቹ ላፕቶፕ አውጥተን ለዚሁ ሥራ ብቻ ወደተመደበ አነስተኛ ማሽን እያዛወርን ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ዊንዶውስ ሰርቨር ኮር ሲሆን ያሉበት ቢልድ ቱልስ (የማይክሮሶፍት የግንባታ መሣሪያዎች) እና ዊክስ 3 (መጫኛ መሥሪያ) ብቻ ናቸው። የድሮው የቪዲፕሮጅ (የቪዥዋል ስቱዲዮ መጫኛ) ፕሮጀክት በኤምኤስቢልድ (ከቢልድ ቱልስ ጋር በሚመጣው ገንቢ) ስለማይገነባና ሙሉውን ቪዥዋል ስቱዲዮ ስለሚጠይቅ ትተነዋል።

በአድሚን አካውንት ገብቼ በእጄ ሳስኬደው ኤምኤስአዩ (የመጫኛው ፋይል) ያለ ችግር ይወጣል። ያው ትእዛዝ አነስተኛ ፈቃድ ባለው የቢልድ ኤጀንቱ (ግንባታውን በራሱ የሚያስኬደው ፕሮግራም) አካውንት ሲሄድ ግን ካንድል (የዊክስ ኮምፓይለር) ያልፍና ላይት (ኤምኤስአዩን የሚያወጣው የዊክስ ሊንከር) ላይ «ኤልጂኤችቲ0217» ብሎ ይቆማል፤ አይሲኢ01ን (ከኤምኤስአይ ማረጋገጫ ፍተሻዎች አንዱን) ማስኬድ አልቻልኩም ነው የሚለው። መልእክቱ የስክሪፕት ሞተሩ በትክክል አልተመዘገበ ይሆናል ይላል። በአድሚን የሚሠራ ከሆነ ግን ምዝገባው ደህና ነው፤ እኔ የምጠረጥረው ፈቃዱን ነው፤ ማረጋገጫው የዊንዶውስ ኢንስቶለር ሰርቪስን ይጠቀማልና።

ማረጋገጫውን የሚያስቀረውን የኤስቫል መቀየሪያ ስጨምር ይገነባል። ነገር ግን ሳይፈተሽ ደንበኛ እጅ የሚገባ መጫኛ በጣም ያሳስበኛል፤ የኮምፖነንት ስህተት ብዙ ጊዜ የሚታየው ዘግይቶ፣ አፕግሬድ ሲደረግ ነው። ለኤጀንቱ የአድሚን ፈቃድ መስጠትም አልፈልግም፤ ከውጭ የምናመጣቸው ፓኬጆች ሁሉ የሚሄዱት በዚሁ አካውንት ነው።

ያሰብኩት ግንባታውን ያለ ማረጋገጫ ጨርሼ ኤምኤስአዩን በኋላ በስሞክ (የዊክስ ማረጋገጫ መሣሪያ) ለብቻው መፈተሽ ነው። እንዲህ ያደረጋችሁ አላችሁ? ስሞክን እዚያው ማሽን ላይ በሌላ አካውንት በስኬጁልድ ታስክ ማስኬድ ይበቃል ወይስ የተለየ ማሽን ያስፈልገኛል? አድሚን ሳይሆን ይህን የሚያስችል ፈቃድ የምታውቁ ካላችሁም ንገሩኝ። ሙሉ ሎጉን መላክ እችላለሁ።