ክዳኑ ተዘግቶ ያደረ የሊኑክስ ላፕቶፕ ባትሪውን ለምን ይጨርሳል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ብቻ ጭኜ እሠራለሁ። ማታ ክዳኑን ስዘጋው ስክሪኑ ይጠፋል፤ ጠዋት ግን ባትሪው ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ማሽኑም ሞቆ አገኘዋለሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ ክዳኑን ስከፍት የኪቦርዱ መብራት ይበራል እንጂ ስክሪኑ እንደጠቆረ ስለሚቀር፣ የማብሪያ ማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ በግድ ከማጥፋት ሌላ መውጫ አላገኘሁም። የምኖርበት ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የባትሪው ነገር ያሳስበኛል። የሁለቱ ችግሮች መነሻ አንድ ይሆን?

የመጀመሪያ መላሽ፦
ለየብቻ ቢመረምሯቸው ይሻላል፤ እኔ ስለ ባትሪው ልናገር። ሊኑክስ ላፕቶፕን የሚያስተኛባቸው ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። ዲፕ ወይም ኤስ3 በሚባለው፣ ከራሙ (ከጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) በስተቀር አብዛኛው የማሽኑ ክፍል ኃይል ይቋረጥበታል። ኤስ2አይድል በሚባለው ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል እንጂ ኃይሉ ስለማይቋረጥ፣ ኤስኤስዲው (ማከማቻ ዲስኩ) ወይም የዋይፋይ ካርዱ አልተኛም ካለ ማሽኑ በሙሉ ወደ ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ሳይወርድ ያድራል። የእርስዎ የትኛውን እንደሚጠቀም ለማወቅ፣ በሲስ ማውጫ ሥር ካለው ፓወር ውስጥ ሜም_ስሊፕ የተባለውን ፋይል ያንብቡ፤ በቅንፍ የታጠረው በሥራ ላይ ያለው ነው። ዲፕ ተጽፎ ካልታጠረ፣ በግረብ (ማሽኑ ሲነሳ ሊኑክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይል ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) መስመር ላይ «ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ» የሚለውን በላቲን ፊደል (mem_sleep_default=deep) ጨምረው፣ ግረብን አድሰው ማሽኑን እንደገና ያስነሱ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ኤስ2አይድል ብቻ ነው። ዲፕን በግድ ማምጣት ይቻላል?

የመጀመሪያ መላሽ፦
ከርነሉ ዲፕን የሚያሳየው ፈርምዌሩ (አምራቹ በማሽኑ ቺፕ ላይ የጫነው ሶፍትዌር) ሲፈቅድለት ነው፤ ከ2020 ወዲህ የወጡ ብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ኤስ3ን ትተውታል። መጀመሪያ ባዮሱ (የፈርምዌሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይግቡ፤ በአንዳንድ ቲንክፓዶች ላይ ከኃይል ማስተካከያው ሥር የእንቅልፍ ዓይነት መምረጫ አለ፣ «ሊኑክስ» የሚለው ሲመረጥም ኤስ3 ይከፈታል። ይህ ከሌለ፣ የኤሲፒአይ ሠንጠረዦችን (ፈርምዌሩ ስለ ኃይል አያያዝ ለከርነሉ የሚነግርባቸውን) እየለወጡ ዲፕን የሚያስገድዱ ሰዎች ቢኖሩም፣ እኔ ዕለት ዕለት በምሠራበት ማሽን ላይ አልደፍረውም፤ ተኝቶ ላይነሳ ይችላል። ይልቅስ ባዮሱንና ከርነሉን ያሳድሱ፤ ከዚያም ሃይበርኔትን (በራሙ ያለውን ወደ ዲስክ ጽፎ ማሽኑን ማጥፋትን) ያዘጋጁ። ለዚህ ራሙን የሚያህል ስዋፕ (በራሙ ያለው የሚጻፍበት የዲስክ ቦታ) ያስፈልጋል፤ በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለው የፈርምዌር ጥበቃ) እንደበራ ከርነሉ ሃይበርኔትን እንደሚከለክልም ይወቁ። ሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) መጀመሪያ አስተኝቶ፣ በስሊፕ ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ የሚወስኑለት ጊዜ ሲያልፍ ሁሉን ወደ ዲስክ ጽፎ ማሽኑን ማጥፋት ስለሚችል፣ ሌሊቱን መብራት ቢጠፋ እንኳ የከፈቱት ሥራ ጠዋት ይቆይዎታል።

ሁለተኛ መላሽ፦
ስለ ጥቁሩ ስክሪን ልጨምር። ስክሪኑ ሲጠቁር ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት ትእዛዝ መስጫ) ለመግባት ይሞክሩ። ከገባልዎት ማሽኑ ነቅቷል፣ ያልነቃው ግራፊክሱ ነው ማለት ነው። የኤንቪዲያን የራሱን ድራይቨር የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ለመተኛትና ለመንቃት አብረውት የሚመጡት የሲስተምዲ አገልግሎቶች መብራታቸውን ያረጋግጡ። ካልገባልዎት ደግሞ፣ ማሽኑን በግድ አጥፍተው ካስነሱ በኋላ ጆርናልሲቲኤል በሚባለው የሲስተምዲ መዝገብ ማንበቢያ ትእዛዝ ያለፈውን ቡት (ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን) መዝገብ ከፍተው የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዚህ ይለጥፉልን።