ልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ ከላይ የሚከፈት ወይስ ከፊት? (ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው)

ቤቲ_ጀሞ፦
ሰላም ቤቶች እስኪ አንድ ነገር አማክሩኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ 5 ነን፣ ውሃ በፈረቃ ነው እሱም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። 500 ሊትር ሮቶ አለን ግን በረንዳ ላይ ነው ጣራ ላይ አይደለም። እስካሁን በእጅ ነበር የምናጥበው አሁን ማሽን ልንገዛ ነው እና ባለቤቴ ከላይ የሚከፈተው ርካሽ ነው እሱ ይበቃናል ይላል፣ ሱቅ ያለው ልጅ ደግሞ ከፊት የሚከፈተው ውሃ ይቆጥባል አለኝ፣ ጎረቤቴ ደሞ እሱ መብራት ይበላል ትላለች፣ ማንን ልስማ?? ሌላው፣ የካርድ ቆጣሪ ነው ያለን፣ ታሪፉ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ መጨመር ከጀመረ ወዲህ ካርድ ሞልቼ ዞር ስል አልቋል። ምጣድ፣ ቦይለር፣ ፍሪጅ፣ ቲቪ ነው ያለን ሌላ ምንም የለም። የትኛው እንደሚበላብኝ እንዴት ነው የማውቀው?

ጥገና_ሰራተኛ፦
እህቴ ሥራዬ ይሄው ነው ማሽን ስጠግን ነው የምውለው። ውሃ ላይ የሱቁ ልጅ ልክ ነው። ከላይ የሚከፈተው ልብሱን ሙሉ ለሙሉ ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚያጥበው፣ ከፊት የሚከፈተው ታች ትንሽ ውሃ ይይዝና ከበሮው እየዞረ ልብሱን ወደ ላይ እያነሳ ይጥለዋል፣ ስለዚህ 7 ኪሎ የሚይዘው ለአንድ እጥበት 50 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል፣ ያኛው 100ን በቀላሉ ያልፋል። በአንቺ ሮቶ ስታስቢው ልዩነቱ ይገባሻል።

መብራት ይበላል የሚባለው ውሃውን ራሱ ስለሚያሞቅ ነው እንጂ ሞተሩ ብዙም አይበላም። በቀዝቃዛ ወይም 30 ዲግሪ ላይ እጠቢ፣ 60ን ለአንሶላና ለፎጣ ተይው።

ግን ማንም ያልነገረሽ ግፊቱን ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ሲል ነው 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) የሚሰጥሽ፣ ሮቶሽ በረንዳ ላይ ከማሽኑ እኩል ከተቀመጠ ግፊት የለም ማለት ነው፣ ብዙ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ 0.3 ወይም 0.5 ባር ይፈልጋሉ፣ ማንዋሉ ላይ ተፅፏል። ካልደረሰ ውሃ ሲጠብቅ ቆይቶ ኤረር አውጥቶ ይቆማል፣ ከዛ ሰው "ማሽኑ ተበላሸ" ብሎ ይደውልልኛል፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ራሷ የምትበራና የምትጠፋ ትንሽ ፓምፕ አስገጥሚ፣ ውሃ ሲገባ ብቻ ስለምትሠራ ካርድሽን አትነካም። ፓምፕ የማትገዢ ከሆነ ግን ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ከላይ የሚከፈተውን በባልዲም ትሞዪዋለሽ።

አዎ ደሞ የእጅ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና እንዳትጨምሪበት፣ አረፋ ሲበዛበት አንዳንዱ ማሽን በራሱ ተጨማሪ ያለቀልቃል ውሃሽ በዛ ሄደ።

የሳሪስ_ልጅ፦
ስለ ካርዱ ልንገርሽ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች አይደል፣ አጠገቧ 1 ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሆነ ተፅፏል፣ አንዳንዱ 1000 ነው አንዳንዱ 1600። ሁሉንም አጥፊና ቦይለሩን ብቻ አብሪ፣ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ባለ 1000 ላይ 1500 ዋት ቦይለር በደቂቃ 25 ጊዜ ይላል፣ ምጣድ 3500 ዋት ከሆነ በየሰከንዱ አንድ ማለት ይቻላል። ሁሉም ጠፍቶ አሁንም ብልጭ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ መስመር ይፈሳል ወይ ሰው ቀጥሎብሻል ኤሌክትሪሺያን ጥሪ።

የኔ ግምት ቦይለሩ ነው ባይ ነኝ፣ 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ብቻ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሄዳል፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ሲቀር ማንም ሳይታጠብ ውሃው ይቀዘቅዛል እሱ ደግሞ ያሞቃል። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት ስትጨርሱ አጥፉት በቃ። ደሞ ፍጆታሽ ሲጨምር የታሪፉ እርከንም ይጨምራል፣ እና ያን መቀነስ ጥቅሙ ከምታስቢው በላይ ነው።

እናት_ዓለም፦
ልጄ ምጣዱን አትርሺ እንጂ። ሸክላው እስኪሞቅ ድረስ የሚበላው ለአንድም እንጀራ ለሠላሳም ያው ነው፣ ስለዚህ ዛሬ አምስት ነገ አምስት እያልሽ አትጋግሪ የሳምንቱን ባንዴ ጨርሺ። አብሲቱ ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይደርስ ምጣድ አትሰኪ፣ ሰው ምጣድ ሰክቶ ሊጥ ሲጠብቅ አይቼ እናደዳለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት እንጀራ ሲቀርሽ ንቀዪው ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ያደርስልሻል። እኔ በቀረው ሙቀት ድርቆሽ አደርቅበታለሁ። እንቅልፍ ከሌለሽ ደግሞ ለሊት ጋግሪ፣ ማታ ሁሉም ሲጋግር ኃይሉ ይወርድና ምጣዱ ቶሎ አይሞቅም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም።

ቤቲ_ጀሞ፦
ኧረ ተባረኩልኝ ሁላችሁም። እማማ ለሊቱን እንኳ አልችልም 😂 ሌላ ጥያቄ፣ አክስቴ አሜሪካ ናት የሷን ማሽን ልላክልሽ አለችኝ፣ ይሆናል? ካልሆነ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ አይቻለሁ ኤ ፕላስ ፕላስ ፕላስ የሚል ተለጥፎበታል ሻጩ ከአዲሱ ኤ ይበልጣል ይላል።

ጥገና_ሰራተኛ፦
የአሜሪካው ይቅር። እዛ 120 ቮልት 60 ሄርዝ ነው እኛ 220 በ50፣ ቮልቱን በትራንስፎርመር ብትቀይሪው ሄርዙን (መብራቱ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ ማለት ነው) አይቀይርልሽም፣ ለማጓጓዣ የምታወጣውን ብሩን ትላክልሽ። ፕላስ የበዛበት ደግሞ የድሮው የአውሮፓ የመብራት ቁጠባ ደረጃ ምልክት ነው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ተቀይሮ ከኤ እስከ ጂ ብቻ ሆኗል አዲሱ መስፈርት ጠንከር ያለ ነው፣ ፕላሱን ቆጥረሽ አታወዳድሪ። አዲሱ ላይ የአንድ እጥበት ሊትርና የ100 እጥበት ኪሎዋት ሰዓት ተፅፏል እሱን አንብቢ።

የሳሪስ_ልጅ፦
እኔ ቤት የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ በባልዲ ይዘን ሽንት ቤት እንደፋበታለን፣ ለፈረቃ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው

ጥገና_ሰራተኛ፦
ጥሩ ነው ግን የማፍሰሻውን ቱቦ መሬት ላይ ባልዲ ውስጥ አትጣሉት። ጫፉ ዝቅ ካለ ማሽኑ ውሃ ሲሞላ ያው ውሃ በቱቦው እየወጣ ያልቃል፣ እሱ ደግሞ እንደገና ይሞላል። ከመሬት ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩትና ከዛ ወደ ባልዲው ይውረድ፣ ቤቲ ሲገጥሙልሽ ይሄንን ቆመሽ አሠሪ።