የሻንጣዬ ቁልፍ አልከፈት አለ፣ ፓስፖርቴ ውስጥ ነው፣ በረራዬ ሊነጋጋ ሲል ነው!

ጥድፊያ በዛ (ማታ 4፡20)
ወገን ድረሱልኝ! የሻንጣዬ ቁልፍ አልከፈት አለኝ። ሁልጊዜ የምጠቀምበትን ቁጥር አስገባለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። ፓስፖርቴ ውስጥ ነው ያለው። በረራዬ 12 ሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት እረፍት ነው። ትኬቱ አይቀየርም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ዘዴ የምታውቁ አሁኑኑ ጻፉልኝ።

የማታ ወፍ (4፡24)
የቱ 12 ሰዓት? ትኬቱ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጠህ ጻፈው። 12፡00 ካለ ቀትር ነው፣ ጠግበህ ተኝተህ ትደርሳለህ። 00፡00 ካለ ግን እኩለ ሌሊት ነው፣ አሁን ኤርፖርት መሆን ነበረብህ። በዚህ የሰዓት ነገር ስንት ሰው ቀርቷል መሰለህ። በተለይ 00፡15 ምናምን የሚል ትኬት አደገኛ ነው። ቀኑ ሐሙስ ተብሎ ይጻፋል፣ ሰውየው ሐሙስ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ግን የሄደው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው።

ሳቂታው (4፡25)
ሻንጣው ቀድሞህ እረፍት ወጥቷል ወንድሜ።

ጥድፊያ በዛ (4፡27)
ትኬቱ 06፡00 ነው የሚለው። ጠዋት 12 ሰዓት። ታክሲ ለሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ተነጋግሬያለሁ። የሰዓቱን ተዉትና ስለ ቁልፉ ንገሩኝ!! ደግሞ ሴት ነኝ።

ጋሽ መንገደኛ (4፡33)
ልጄ፣ አይዞሽ። ግን አንድ ነገር ልምከርሽ። ፓስፖርት ከሰው ገላ አይለይም። ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ ተመሳሳይ ስለሆነ ሌላ ሰው አንስቶት ይሄዳል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ የቤት ቁልፍ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዙት። ሌላው ደግሞ ፓስፖርቱ ቀን አለው ወይ? ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ሰው ይህን የሚያስታውሰው ቼክ ኢን መስኮቱ ላይ ሲደርስ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መመሳሰሉንም ማየት ይገባል። እረፍት ሲጀመር ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚነቃነቀው፣ ሰልፉ ሌላ ነው። እኔ ሻንጣዬን ከሁለት ቀን በፊት ዘግቼ በር ላይ አቆመዋለሁ።

ሳቂታው (4፡35)
ጋሽ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። አሁን ተቃጥሏል።

ሒሳብ አዋቂ (4፡36)
ባለ ስንት ቁጥር ነው? ባለ 3 ከሆነ ከ000 እስከ 999፣ በጠቅላላው 1000 ነው። አንዱ 2 ሰከንድ ቢፈጅብሽ ቢበዛ 34 ደቂቃ ነው። ዝም ብለሽ ከ000 ጀምሪ። ባለ 4 ከሆነ 10,000 ስለሆነ ተይው፣ በረራው ያመልጥሻል።

ቀጥታ ተናጋሪ (4፡41)
ቆይ፣ ለምን መክፈት አስፈለገሽ? ቁልፉ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቀይ ምልክት ወይም ቲኤስኤ 007 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ኤርፖርት ያሉት ሰዎች መክፈቻው አላቸው። እንዳለ ይዘሽው ሂጂ። እዚያ ይከፍቱልሻል። አሁን አርፈሽ ተኚ።

የሻንጣ ሐኪም (4፡46)
እህቴ፣ ከላይ ያለውን እንዳትሰሚ። ያ መክፈቻ የፍተሻ ሠራተኞች ነው። የሚጠቀሙበት ሻንጣው ከተረከቡ በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ ሻንጣውን ለማስረከብ መጀመሪያ ፓስፖርት ማሳየት አለብሽ። ዙሪያ ጥምጥም ነው። በዚያ ላይ ቲኤስኤ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ነው፣ በየአገሩ ያለው ኤርፖርት ሁሉ መክፈቻውን ይይዛል ማለት አይደለም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መክፈቻ የላትም።

ይልቅ እነዚህን መልሺልኝ። ሻንጣው ባለ ዚፕ ነው ወይስ እንደ ሳጥን የሚገጠም? ቁልፉ የራሱ ነው ወይስ የተንጠለጠለ? ለመጨረሻ ጊዜ ክፍት ሆኖ ማን ነካው?

ቀጥታ ተናጋሪ (4፡48)
እኔ አንዴ ሲከፍቱ አይቻለሁ።

የሻንጣ ሐኪም (4፡49)
ለፍተሻ ሲከፍቱ አይተህ ይሆናል። ለባለቤቱ አገልግሎት አይደለም።

ጥድፊያ በዛ (4፡55)
ባለ ዚፕ ነው። ቁልፉ ጎኑ ላይ የተገጠመ ነው፣ ሁለቱ የዚፕ መጎተቻዎች እሱ ውስጥ ተሰክተዋል። ባለ 3 ቁጥር። ማንም አልነካውም። ውስጡ ልብስ፣ ፓስፖርት፣ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ ነው ያለው።

ጥድፊያ በዛ (4፡57)
ቆይ ቆይ። የእህቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሻንጣው ላይ ጋልቦ ሲጫወት ነበር። ያኔ ክፍት ነበር። እሱ ሊሆን ይችላል?

ሳቂታው (4፡58)
ተጠርጣሪው ተገኝቷል። ቀስቅሳችሁ መርምሩት።

የሻንጣ ሐኪም (5፡06)
እሱ ነው በቃ። ቁልፉ አጠገብ በእስክሪብቶ ጫፍ የምትጫን ትንሽ ነገር አለች። ቁልፉ ክፍት እያለ እሷ ከተጫነችና ቀለበቶቹ ከዞሩ፣ ያቆመበት ቁጥር አዲሱ ቁጥር ሆኖ ይመዘገባል። አንቺ ከዚያ ዘግተሽ ቀለበቶቹን አዟዟርሻቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የድሮ ቁጥርሽን ጎረቤቶች ሞክሪ። ሁለቱን እንዳሉ ትተሽ አንዱን ብቻ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። ከዚያ ሌላውን። ሕፃን ብዙ ጊዜ አንዱን ቀለበት ነው የሚያሽከረክረው፣ ስለዚህ አንዱን ብቻ ሙሉ ዙር አዙሪው። ለሦስቱም ይህን ብታደርጊ 30 ሙከራ አይሞላም።

ካልሆነ ወደ ዓይን ሥራ እንሄዳለን። እያንዳንዱ ቀለበት ከማቀፊያው ጋር በሚገናኝበት ጎን ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች። የስልክ መብራት ወደ እሷ አብሪና ቀለበቱን ቀስ እያልሽ አዙሪ። በብዙዎቹ ቁልፎች ላይ አንድ ቦታ ጎድጎድ ያለ ነገር ብቅ ይላል። የሦስቱንም ጎድጓዳ በአንድ መስመር አሰልፊ። ካልተከፈተ ሦስቱንም እኩል አንድ አንድ ቁጥር እያሳለፍሽ ሞክሪ። ከ10 ጊዜ አያልፍም።

ይህን ሁሉ ስታደርጊ ሌላ ሰው ሻንጣውን ከላይ ይጫንልሽ። የታጨቀ ሻንጣ ዚፑን ይወጥረዋል፣ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ደርሰሽ እንኳ ላይለቅ ይችላል።

ሒሳብ አዋቂ (5፡08)
እኔ እንዳልኩት ከ000 ጀምሪ። ያኔ ጀምረሽ ቢሆን ይሄኔ ሊያልቅ ነበር።

ጓዝ አቅላይ (5፡10)
ማንም ያላስተዋለው ነገር አለ። ፓወር ባንክ ውስጥ ነው ብላለች! ሻንጣው የሚጫን ከሆነ ፓወር ባንክ እዚያ አይገባም፣ ክልክል ነው። የሊቲየም ባትሪ ጭነት ክፍል ውስጥ እሳት ቢያነሳ የሚደርስበት ሰው ስለሌለ ነው። በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል። ባለ 20,000 ሚሊአምፕር ከሆነ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ነው፣ ችግር የለም። ግን ዛሬ ቁልፉ ባይበላሽ ኖሮ ሻንጣሽን ከጭነት አውርደው በስምሽ ይጠሩሽ ነበር። ወይ ፓወር ባንኩን ይወስዱታል፣ ወይ አንቺ ስትሯሯጪ በር ይዘጋል።

ጥድፊያ በዛ (5፡19)
ጎረቤቶቹን ሞከርኩ፣ የለም። አሁን በመብራት እያየሁ ነው። መሃለኛዋ ላይ በቀኝ በኩል የተገመጠ የሚመስል ነገር ይታየኛል፣ 7 ላይ ስትሆን። ሌሎቹ ላይ ምንም አይታየኝም።

የሻንጣ ሐኪም (5፡22)
በጣም ጥሩ! አንዷ ከተገኘች ሌሎቹም አሉ። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ አግድም ያዢው። ጥላ ሲጥል ነው የሚታየው። የዳሯን በግራም በቀኝም እዪ።

ሳቂታው (5፡30)
እስካሁን ቀልጃለሁ፣ አሁን አንድ ቁም ነገር ልጣል። እስክሪብቶ አምጪ። ዚፑ የናይለን ከሆነ፣ ማለትም የብረት ጥርስ ከሌለው፣ የእስክሪብቶውን ጫፍ ዚፑ መሃል ላይ አጥብቀሽ ስትወጊው ይሰነጠቃል። እጅሽን አስገብተሽ ፓስፖርትሽን ታወጫለሽ። ምንም መቁረጥ የለም። የልደት ስጦታ በዚህ መንገድ ቀድሜ አይቻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሩ።

ጋሽ መንገደኛ (5፡34)
ይሄማ ለሌባ ትምህርት መስጠት ነው።

ሳቂታው (5፡35)
ሌባውማ ድሮ ነው የሚያውቀው ጋሽ። ያላወቀው ባለቤቱ ነው።

የሻንጣ ሐኪም (5፡41)
ሳቂታው ያለው እውነት ነው፣ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ምክንያቱም የተሰነጠቀ ናይለን ዚፕ መልሶ የሚገጥመው መጎተቻው ሲያልፍበት ነው። ያንቺ መጎተቻዎች ደግሞ ቁልፉ ውስጥ ታስረዋል፣ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ ከከፈትሽው ቁጥሩ እስኪገኝ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከማዕዘን ራቅ ብለሽ፣ እጅ በሚያስገባ ልክ ብቻ ክፈቺ። ፓስፖርቱንና ፓወር ባንኩን ካወጣሽ በኋላ ሻንጣውን በቀበቶ ወይም በሰፊ ፕላስተር አጥብቀሽ እሰሪው። ኤርፖርት ላይ በፕላስቲክ የሚጠቀልሉ ካሉ አስጠቅልዪው። መስኮቱ ላይ ስትደርሺ ዚፑ መከፈቱን ራስሽ ንገሪያቸው። ሲጎዳ ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ የሚገልጽ ወረቀት ሊለጥፉበት ይችላሉ፣ አይግረምሽ። ሌላ ሻንጣ ቤት ውስጥ ካለ ግን ዕቃውን ማዛወሩ ይሻላል።

ቀጥታ ተናጋሪ (5፡44)
መቀስ የለም እንዴ ቤት ውስጥ? ጨርቁን ቀዶ መገላገል ነው።

ጓዝ አቅላይ (5፡45)
ሻንጣው ጠንካራ ፕላስቲክ ቢሆንስ? ደግሞ የተቀደደ ጨርቅ አይጠገንም፣ ዚፕ ይጠገናል።

የማታ ወፍ (5፡52)
እህቴ፣ አንድ ነገር ወስኚ። እስከ 7 ሰዓት በትዕግሥት ቁጥሩን ፈልጊ። 7 ሰዓት ሲሆን፣ «ትንሽ ቀርቶኛል» ብትይም እንኳ፣ እስክሪብቶውን አንሺ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰዓት ይበላል። በጣም ብዙ አየር መንገዶች ለውጭ በረራ መስኮቱን የሚዘጉት ከመነሻው 1 ሰዓት በፊት ነው፣ ያንቺ 11 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገና ጊዜ አለሽ፣ አትደንግጪ። እስከዚያ ቤት ያለ ሰው ቦርዲንግ ፓስሽን አውጥቶ በስክሪንሾት ያስቀምጥልሽ። ኤርፖርት ላይ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ይጠቅምሻል። ስልክሽንም ቻርጅ ላይ ሰኪው፣ መብራቱ ባትሪ ይጨርሳል።

ጥድፊያ በዛ (5፡54)
ቻርጀሬ ሻንጣው ውስጥ ነው።

ሳቂታው (5፡55)
ይሄ ሻንጣ ሴራ አለው።

ጥድፊያ በዛ (6፡12)
የግራዋንም አገኘኋት መሰለኝ! በጣም ቀጭን ናት። ቆዩ

ሒሳብ አዋቂ (6፡20)
ሁለቱ ከታወቁ የቀሩሽ 10 ብቻ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ጎድጓዳው ቁጥሩ ራሱ ላይሆን ስለሚችል፣ ካልተከፈተልሽ ከ000 ጀምሪ።

የሻንጣ ሐኪም (6፡48)
እህቴ፣ ምን ደረሰ?

የማታ ወፍ (7፡15)
7 ሰዓት አልፏል። እስክሪብቶ!

ጋሽ መንገደኛ (ጠዋት 12፡40)
ለሶላት ለጸሎት ስንነሳ አሰብንሽ ልጄ። በሰላም ከደረስሽ አንድ ቃል ጣይልን።

ሳቂታው (ጠዋት 1፡05)
ወይ ሰማይ ላይ ናት፣ ወይ ሻንጣው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ሁለቱም እረፍት ነው።

ሻንጣ አልባ (ከሳምንት በኋላ፣ ማታ 3፡10)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ነገ ማለዳ ነው የምበረው። የኔ ሻንጣ ግን ዚፕ የለውም፣ እንደ ሳጥን ዙሪያውን በብረት የሚገጠም ነው። ሁለት ቁልፍ አለው። ግራው ተከፍቷል፣ ቀኙ በዚያው ቁጥር አልከፈት አለ። ፓስፖርቴ ደግነቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ግን ልብስ መጨመር አለብኝ።

ሒሳብ አዋቂ (3፡12)
ከ000 ጀምር።

የሻንጣ ሐኪም (3፡20)
ቁጥር ከመፈለግህ በፊት ክዳኑን ተመልከት። ሻንጣው ሞልቶ ክዳኑ ከታጠፈ ወይም ዕቃው ወደ ቀኝ ከተጋፋ፣ የቀኙ መንጠቆ ተወጥሮ ይይዛል። ሻንጣውን በጀርባው አስተኛው። ሰው ቀኙ ጥግ ላይ በጉልበቱ ይጫን፣ አንተ በዚያው ቅጽበት መክፈቻውን ግፋ።

ሻንጣ አልባ (3፡31)
ወንድሜ ከተጫነው በኋላ በአንዴ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። አንድ ወፍራም ጃኬት ነው የወጠረው።

የሻንጣ ሐኪም (3፡34)
ጃኬቱን ልበሰው፣ አውሮፕላን ውስጥም ይበርዳል። አሁን ክፍት እያለ ሁለቱንም ቁልፍ ዘግተህ ከፍተህ ሞክር፣ ባዶውን ማለቴ ነው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቁልፉ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ዕቃው ብቻ ነበር። ክዳኑ ክፍት ሆኖም ካንገራገረ ግን መንጠቆው ተጣሟል፣ ለዛሬ በቀበቶ እሰረውና በግራው ብቻ ቆልፈህ ሂድ።