ለማያሰጋ የጡት እጢ ምን ይበላ፣ ምን ይገዛ? የድሬና የሐረር ጥቆማ

ጠያቂ (ሳቢያን)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአልትራሳውንድና በመርፌ ናሙና ታይቶ «ፋይብሮአዴኖማ ነው፣ ካንሰር አይደለም» ለተባለች የ27 ዓመት ልጅ ጥቆማ ፈልጌ ነው። የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ጡቷን ያማታል። አንዱ ቡና አቁሚ ይላል፣ ሌላው የግመል ወተት፣ ሌላው ተልባ ያሟሟዋል ይላል፣ ፋርማሲ ደግሞ ፕሪምሮዝ የሚባል (ከአበባ ዘር የተጨመቀ ዘይት) እንክብል ያሳያሉ። ገንዘብ የሚወጣበት የቱ ነው? የቱስ ይቅር?

ፋርማሲስት (ከዚራ)፦

መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ለያይው እህቴ፤ እጢው ሌላ፣ ሕመሙ ሌላ። እጢውን የሚያሟሟ ምግብም እንክብልም የለም። ፋይብሮአዴኖማ ስብ ወይም የተጠራቀመ ቆሻሻ አይደለም፤ የጡቱ ወተት አመንጪ ክፍልና ደጋፊ ሥጋ አንድ ላይ ያደገ ጠንካራ፣ በጣት ሲነኩት የሚንሸራተት ነገር ነው። ብዙው ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ያንሳል። ያኔ ታዲያ ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ወር የተጠጣው ነገር ነው።

ሕመሙ ግን ከሆርሞን ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የምትገዢው ነገር ሁሉ ለሕመሙ ነው ብለሽ ግዢ። በእኔ ሚዛን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በልክ የሆነ ጡት መያዣ፣ ዳይክሎፌናክ ጄል (የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ)፣ ተልባ። ፕሪምሮዝ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ገንዘብ ከተረፈ።

ጄሉ ባለ 1 ፐርሰንቱ ይበቃል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚያመው ቦታ ላይ በስሱ ይቀባል፣ የጡት ጫፍ አይነካም፣ ከዚያ እጅ ይታጠባል። በቆዳ ስለሚገባ ጨጓራን ከሚዋጠው ክኒን ይልቅ ይምራል። ጨጓራዋ ቆስሎ ለሚያውቅ፣ አስፕሪን አስሟን ለሚያስነሳባት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ግን ሳይጠየቅ አይሰጥ። የሚዋጠው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከሆነ ምግብ ተበልቶ ነው፤ ጿሚ በአፍጥር ወይም ከቅዳሴ መልስ ከበላች በኋላ ትውሰደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሸጊያው ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2018 ዓ.ም. ላይ ቆሞ «2025» የሚለውን አይቶ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ብሎ የሚገዛ ሰው አለ። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ያበላሻል፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረ ጄልና የዘይት እንክብል አትግዢ።

ጠያቂ፦

ፕሪምሮዙን ለምን ወደ መጨረሻ ገፋኸው? ሁሉም እሱን ነው የሚያዘው።

ፋርማሲስት (ከዚራ)፦

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለጡት ሕመም በተሠሩት ሙከራዎች የተሰጠው በቀን 3 ግራም አካባቢ ነው፤ ባለ 1,000 ሚሊግራም እንክብል ከሆነ በቀን 3 ፍሬ። ሥራውን ለማየት ቢያንስ 4 ወር ይጠበቃል። 120 ቀን በ3 ሲባዛ 360 ፍሬ፣ 60 የሚይዘው ብልቃጥ 6 ያስፈልጋል። ሰው ግን አንድ ብልቃጥ ገዝቶ በ20 ቀን ጨርሶ «አልሠራም» ወይም «ሠራ» ይላል፤ ሁለቱም ፈተና አይደለም። ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ለጡት ሕመም መድኃኒት ተብሎ የነበረው ፈቃድ በፈረንጆቹ 2002 ተነሥቷል፣ ምክንያቱም ሙከራዎቹ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ እንክብል የተሻለ መሆኑን በቂ አድርገው አላሳዩም። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴትማ ጭራሽ አትንካው።

ቫይታሚን ኢም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ጥናት ደገፈው፣ ሌላው አልደገፈውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከምትወስድ ሴት ግን ይራቅ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ሐረር)፦

ስለ ቡናው እኔ ልናገር። ወሬው የተነሣው አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1979 አካባቢ በጥቂት ሴቶች ላይ ከተሠራ ጥናት ነው፤ በኋላ በደንብ ተነፃፅረው የተሠሩት ሙከራዎች ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ «ቡና እጢ ያሳድጋል» ሐሰት ነው፤ «አንዳንዷን ሴት ቡና ስትቀንስ ሕመሙ ይቀልላታል» ግን ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው መዝገብ ብቻ ነው። የልጅ ደብተር ይበቃል፤ ሁለት ወር ሙሉ በየማታው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ትጻፍ፣ የወር አበባ ቀኑንም ምልክት ታድርግ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይራ ሁለት ወር ትድገም። ቡና፣ ጨውና ተልባ በአንድ ሳምንት ከተቀየሩ የቱ እንደሠራ ማንም አያውቅም።

ስትቀንስ በአንድ ጊዜ አታቁም። የሐረር ቡና በየቀኑ የጠጣች ሰው በድንገት ካቆመች ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይጀምራታል፣ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ያንንም «የእጢው ነው» ትላለች። ቀላሉ ዘዴ አቦሉን አሳልፎ ከቶና መግባት ነው፤ አብዛኛው ካፌይን አቦሉ ላይ ነው የሚወጣው። ጎረቤትም አይቀየምም፣ ጭንቅላትም አይመታም። በሳምንቱ በረካ ብቻ።

ጠያቂ፦

በቡና ፋንታ ሆጃ ብትጠጣስ?

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ሐረር)፦

ሆጃ ከቡና ቅጠል ወይም ከገለባው ነው የሚፈላው፣ ካፌይን አለው። ቡና ትቶ ሆጃ የያዘ ሰው አላቆመም፣ ሲኒ ነው የቀየረው። ሻይም፣ ኮካም እንደዚያው፤ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 33 ሚሊግራም ካፌይን ይዟል። ጫት ውስጥ ያለው ካፌይን አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን አብረውት የሚመጡት ኮካው፣ ሻዩ፣ የተዘለለው እራትና ያልተኛ ሌሊት ናቸው፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ ሕመም ይበዛበታል። በመዝገቡ ላይ የተቃመበትን ቀን ክበቢው፣ ራሱ ይናገራል።

አንባቢ (መልካ ጀብዱ)፦

አቦ፣ ስኳር እጢን ይመግባል ይባላል እኮ! ሶያ ሥጋም ሆርሞን አለበት።

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ሐረር)፦

ስኳር መቀነስ ለሌላ ነገር ጥሩ ነው፣ ፋይብሮአዴኖማውን ግን አያስርበውም። ሶያ ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን የሚመስል ነገር በጣም ደካማ ነው፤ በጾም ወቅት ሶያ ወጥ የምትበላ ሴት የምትፈራው ነገር የለም። የተከማቸ የሶያ እንክብል ግን ለምን ይገዛል?

አሁን ተልባ። በእኔ በኩል ከምግብ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ካናዳ ውስጥ በተሠራ ሙከራ በቀን 25 ግራም የተፈጨ ተልባ ለሦስት ወር የበሉ ሴቶች ወርን ተከትሎ የሚመጣው ሕመም ቀንሶላቸዋል። ድጋሚ ልበለው፦ ሕመሙ፣ እጢው አይደለም። 25 ግራም ማለት ሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነው፣ በወር 750 ግራም፤ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከስድስት ብልቃጥ ፕሪምሮዝ ጋር አነፃፅሪው።

አገዛዙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቀፊራም ሆነ ሸዋ በር ገበያ ፍሬውን እንጂ ተፈጭቶ በላስቲክ የታሰረውን አትግዢ። የተልባ ዘይት ቀለም የሚቀላቀልበት ዘይት ነው፤ አየርና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ጥቂት ፍሬ አኝኪ፦ ደህናው የለውዝ ዓይነት ጣዕም አለው፣ የከረመው ይመርራል፣ ትኩስ የተቀባ በር ይሸታል። ፍሬውን አበጥሪው፣ ለስለስ ባለ እሳት አመስ አድርጊው (ካጠቆርሽው ዘይቱ ተቃጠለ)፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ የሦስት ቀን ብቻ ፍጪ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይግባ። ያልተፈጨው ፍሬ እንደገባ ይወጣል፣ ጥቅም የለውም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ። በአንድ ቀን ሦስት ማንኪያ የጀመረች ሆዷ ተነፍቶ ትተወዋለች። በአንድ ማንኪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግድ ነው፤ ያለ ውሃ አንጀት ውስጥ ሊጥ ሆኖ ይቀመጣል። ተልባ መድኃኒትን ይዞ ስለሚያስቀር ክኒን የምትወስድ ከሆነ በመካከሉ ሁለት ሰዓት ይኑር። ነፍሰ ጡር ይህን መጠን አትውሰድ።

የግመል ወተት ምግብ ነው፣ እጢ አያሟሟም። «ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል» የሚለውን ግን አትስሚ። ጥሬው ብሩሴሎሲስ (ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ሊያመጣ ይችላል፤ እሱም ሆነ በጥሬ ወተት የሚተላለፍ ቲቢ አልፎ አልፎ ጡት ውስጥ ገብቶ እጢ የሚመስል እብጠት ይሠራል። ለጡት እጢ ተብሎ ጥሬ ወተት መጠጣት ገራሚ ነገር ነው። ገንፍሎ ይፍላ፣ ከዚያ ይጠጣ።

አዮዲን ከተነሣ፣ አዮዲን ያለበት ጨው ይበቃል፤ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ነው የሚያስፈልገው። የአዮዲን ጠብታ በራስ መጀመር ታይሮይድ ያናጋል። ጨዉን ፀሐይ የማይነካው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪ።

ልብስ ሰፊ (ማኪና ግርግር፣ ሐረር)፦

ጡት መያዣው በቁጥር ሳይሆን በሜትር ይገዛ። ከጡት ሥር ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ መለካት፣ ከዚያ በጡቱ ሙሉ ዙሪያ ላላ አድርጎ። ከሥሩ 75 ሴንቲሜትር ከወጣ በእንግሊዙ ቁጥር 34 ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ከ14 እስከ 16 ሴንቲሜትር ከሆነ የኩባያው ልክ ቢ (B)፣ ከ16 እስከ 18 ከሆነ ሲ (C)። ሕመም ባለበት ሳምንት ጡት ስለሚያብጥ በዚያ ሳምንት ለኪ።

ክብደቱን የሚሸከመው ከጡት ሥር የሚዞረው ቀበቶ እንጂ የትከሻው ማሰሪያ አይደለም። ጀርባ ላይ ወደ ላይ ከወጣ ላላ ነው፤ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ልባሽ የምትገዢ ከሆነ ቀበቶውን ለጥጠሽ ልቀቂው፤ ቶሎ ካልተመለሰ ላስቲኩ ሞቷል፣ ርካሽ መሆኑ አይጠቅምሽም። ቀበቶ ማጥበብ እዚህ ሰፈር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሽቦ ያለውን ግን ሽቦው ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ ከወጣ መልሶ መስፋት አያዋጣም። ለድሬ ሙቀት ጥጥ ይሻላል፤ ናይሎኑ ከሥር ላብ ይዞ ቆዳ ያቆስላል። ለማታ ሽቦ የሌለው ለስላሳ።

የራዲዮሎጂ ነርስ (ድሬዳዋ)፦

ምግቡን አንብቤያለሁ፣ እኔ በወረቀቱ ልምጣ። የአልትራሳውንድ ሪፖርቱን ታምጣና መጨረሻ ላይ «ባይራድስ» (BI-RADS፣ የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ) ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ትይ። 2 ከሆነ የማያሰጋ ነው። 3 ከሆነ የማያሰጋ ሊሆን ይችላል፣ ግን በ6 ወር ተመልሳ ትታይ፤ ያንን ቀን ዛሬውኑ በስልኳ ትመዝግብ። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ናሙና ያልተወሰደበት ማንኛውም «አመጋገብ» ጊዜ ማባከን ነው። የመጠን ልኩ በሚሊ ሜትር ተጽፏል፤ ከ3 ሴንቲሜትር ካለፈ ወይም በክትትል እያደገ ከመጣ ቀዶ ሐኪም ያየዋል።

ድል ጮራም ሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትሄዱ የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የድሮውን ፊልምና የናሙናውን ውጤት ቤት አትተዉት፤ የማነፃፀሪያ ልክ የሌለው ሁለተኛ ምርመራ «አደገ» ወይም «አላደገም» ማለት አይችልም። ለቀጠሮ ምርመራ ወር አበባ ከጀመረ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ይመረጣል፣ ጡት ያኔ ለስላሳ ነው።

ቀን የማይመረጥላቸው ግን እነዚህ ናቸው፦ ከአንዱ ጡት ብቻ ደም የመሰለ ፈሳሽ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጨማደደ ቆዳ፣ ከሥሩ የተጣበቀና የማይንሸራተት እብጠት፣ ብብት ሥር የወጣ ፍሬ፣ አንቲባዮቲክ ጨርሶ ያልጠፋ መቅላት። እነዚህ ላይ ትኩስ ቅጠል ወይም የሚያቃጥል ነገር አይለጠፍ፤ ቆዳው ከቆሰለ በኋላ ቁስሉ የእጢው ይሁን የቅጠሉ መለየት ለሐኪሙም ከባድ ነው። ጥቁር አዝሙድ ዘይቱንም በምርመራው ቀን አትቀቢ።

ጠያቂ፦

ወረቀቱን አየሁት። 18 ሚሊ ሜትር፣ ባይራድስ 3 ይላል። የተጻፈው ከሰባት ወር በፊት ነው።

የራዲዮሎጂ ነርስ (ድሬዳዋ)፦

እንግዲያው አንድ ወር አልፏል። ተልባው ቀስ ይበል፣ ሪፈሩን በዚህ ሳምንት አውጡ።